የአልኮል እሳት በአባቴ ምድጃ

መጀመሪያ ትዝ የሚለኝ ሽታው ነው። ርካሽ አረቄና የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ አንድ ላይ ተደፍተው ምንጣፍ ውስጥ የሰነበቱ ይመስል ነበር። የአባቴን በር ሳልከፍት ገና ደረጃው ላይ ይቀበለኛል። ሻጩ «ሽታ የለውም» ብሎኝ ነበር። እኔም «ሽታ የለውም» ብዬ ጽፌ ነበር፤ ያውም ጥርት ባለ አማርኛ።

ሥራዬ ጋዜጠኝነት ነው። በሁለት ሺህ ዐሥራዎቹ አጋማሽ እስራኤል አገር፣ ረሖቮት ውስጥ ለምትታተም ትንሽ ሳምንታዊ ጋዜጣ እሠራ ነበር። የምጽፈው በዕብራይስጥ ነው፤ የማዘጋጃ ቤት ስብሰባ፣ የፈነዳ የፍሳሽ ቱቦ፣ የመኪና ግጭት፣ የቤት ቃጠሎ። በተቃጠለ ቤት ደጃፍ ማስታወሻ ደብተሬን ይዤ ብዙ ጊዜ ቆሜአለሁ። የእሳት አደጋ ሠራተኞች የሚናገሩትን በቃሌ አውቀዋለሁ። ይህን የምለው ለመኩራራት አይደለም። «አላውቅም ነበር» የምልበት መንገድ እንደሌለኝ ከመጀመሪያው ይታወቅ ብዬ ነው።

አባቴ ከታላቅ እህቴ ጋር የሚኖሩት ከሄርዝል ጎዳና ጀርባ ባለ አሮጌ ቤት፣ በታችኛው ወለል ነው። ቤቱን የሠሩት የብርቱካን እርሻ የነበራቸው ሰዎች ናቸው ይባላል። ሳሎኑ ግድግዳ ውስጥ የድንጋይ ምድጃ ትተው ሄደዋል፤ እዚህ አገር ካሚን ይሉታል። አባቴ ቤቱን የወደዱት በእሱ ምክንያት ነበር። ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ተጭነን ከመጣን ጀምሮ እሳት ያለበት ቤት ኖሯቸው አያውቅም። ነገር ግን የጭስ ማውጫውን ከላይ የሚኖረው ጎረቤት ቤቱን ሲያድስ በሲሚንቶ ደፍኖታል። አባቴ አንድ ቀን የብርቱካን ግንድ አነደዱበትና ጭሱ ሦስታችንንም እያስነጠሰ ደጅ አወጣን። ከዚያ ወዲህ ካሚኑ ውስጥ የእህቴ የፕላስቲክ አበባ ተቀመጠ።

የረሖቮት ክረምት በረዶ የለውም፤ እርጥበት ነው። ግድግዳው ያልበዋል፣ አንሶላው ታጥቦ ያልደረቀ ይመስላል። አባቴ ወንበራቸው ላይ ሆነው ጉልበታቸውን እያሹ ያንን አበባ ያዩታል።

«ምድጃ ላይ አበባ! መቃብር ነው እንዴ ይሄ?» ይሉ ነበር።

አንድ ቀን የጋዜጣችን የማስታወቂያ ክፍል ኃላፊ ወደ ጠረጴዛው ጠራኝ። አጠገቡ ፀጉሩን በቅባት ወደ ኋላ የለጠፈ ሰው ቆሟል። እጄን ጨበጠኝ፤ እጁ እርጥብ ነበር። ሄርዝል ጎዳና ላይ ሱቅ እንዳለው፣ በድሮ ካሚኖች ውስጥ የሚገባ፣ አልኮል የሚነድበት የብረት ሣጥን እንደሚሸጥ ነገረኝ። ጋዝ የሚነድበትም አለ፤ እሱ ግን ቧንቧ ይፈልጋል፣ ፈቃድ ያለው ባለሙያ ይፈልጋል። የአልኮሉ ግን ምንም አይፈልግም። ጭስ ማውጫ የለ፣ አመድ የለ፣ እንጨት መሸከም የለ።

«የእናንተ ሽማግሌዎች እሳት ይወዳሉ አይደል?» አለኝ።

ይህን ሲል ዓይኑን እያጠበበ ፈገግ አለ። ብዙ ባለሥልጣን ፊት ተቀምጬ ፊቴን ሳልቀይር መስማት የተማርኩ ሰው ነኝ። ያን ቀንም ፊቴን አልቀየርኩም።

ከዕብራይስጥ ወደ አማርኛ እንድመልሰው የሰጠኝ አንድ ወረቀት ነው፤ ፊትና ጀርባ አለው። ፊቱ ላይ ባልና ሚስት የወይን ብርጭቆ ይዘው ነበልባል ፊት ተቀምጠዋል። ጀርባው ላይ በደቃቅ ፊደል ማስጠንቀቂያዎቹ ተጽፈዋል። ሣጥኑ ሳይቀዘቅዝ አልኮል አትጨምሩ። መስኮት ክፈቱ። እሳቱን ለማጥፋት አብሮት የመጣውን ክዳን ድፉበት። ውኃ ከቶ አታፍስሱበት።

«ፊቱ ይበቃል» አለ ሻጩ። «ጀርባውን ማን ያነባል? ሰው ማስፈራት ነው ትርፉ።»

ኃላፊውም ሰዓቱን እያየ «ፊቱን ብቻ፤ ቤሰደር?» አለ፤ እሺ በዪኝ ማለቱ ነው።

ጀርባውን አንብቤዋለሁ። ቆሜ፣ ከላይ እስከ ታች። ከዚያም «ቤሰደር» አልኩ። ለምን እንደሆነ ዛሬም አሳማኝ ምክንያት የለኝም። ጽሑፌ የሚዘጋበት ቀን ነበር፣ ሰውየውን ቶሎ መገላገል ፈልጌ ነበር፤ ሁለቱም እውነት ናቸው፣ ሁለቱም ምክንያት አይሆኑም። ፊቱ ላይ «ድባብ» የሚለውን ቃል ፈልጌ ለማግኘት ግማሽ ሰዓት ፈጅቶብኛል። ጀርባውን ለመመለስ ዐሥር ደቂቃ ይበቃኝ ነበር።

ሻጩ የሚኮራበት አንድ ዐረፍተ ነገር ነበር፦ «ከሰንበት በፊት ይለኩሱት፤ ነዳጁ ሲያልቅ በራሱ ይጠፋል።» እሱ የሚያውቃቸው ሃይማኖተኞች ሰንበት ሳይገባ የተለኮሰ እሳት ሲነድ ቢያመሽ ግድ የላቸውም። የእኛ የቤተ እስራኤል ሽማግሌዎች ሥርዓት ግን ሌላ ነው። ዐርብ ፀሐይ ከመጥለቋ በፊት የቤቱ እሳት ሁሉ ይጠፋል፤ ሰንበት እሳት ባለበት ቤት አትገባም። እህቴ እንደ አገሩ ሰው የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ሳህኗን፣ ፕላታዋን፣ ዐርብ ሰክታ ትተዋለች። አባቴ ከዚያ ሳህን አንድ ቀን በልተው አያውቁም። ሰንበት ሙሉ የሚበሉት ቀዝቃዛ ነው። ይህንንም አውቃለሁ። እያወቅሁ ዐረፍተ ነገሩን አሳምሬ አማርኛ አደረግሁት።

ወረቀቱ ታተመ። በክሊኒኩ ደጃፍና በጸሎት ቤቱ መግቢያ ተከመረ። እህቴ ክሊኒኩ ውስጥ ነርስ ናትና አንዱን ለአባቴ ወስዳ «ይሄን የጻፈችው የእርስዎ ልጅ ናት» አለቻቸው።

አባቴ ማንበብ የተማሩት ጎልማሳ ሆነው ነው፤ አማርኛ ብቻ። የዕብራይስጥ ፊደሉም አልገባቸውም። ጋዜጣ ላይ በሠራሁባቸው ዓመታት ሁሉ አንድም ጽሑፌን አንብበው አያውቁም ነበር። ስሜ የት እንዳለ ይጠይቁኛል፣ በጣቴ አሳያቸዋለሁ፣ ቦታውን በእጃቸው ዳበስ አድርገው ጋዜጣውን ያጥፉታል። ከእኔ እጅ የወጣ፣ ራሳቸው ያነበቡት የመጀመሪያው ጽሑፍ ያ የማስታወቂያ ወረቀት ነበር። አራት አጥፈው ደረት ኪሳቸው ውስጥ ያዙት። ከዚያ ሱቁ ድረስ በእግራቸው ሄደው ሣጥኑን ገዙ።

ሻጩ ራሱ መጥቶ ገጠመው። የብረቱ ሣጥን ላይ ከሸክላ የተሠሩ የውሸት እንጨቶች ደረደረ። ቅርፊታቸው ተስሏል፤ አንደኛው ላይ የውሸት ጉጥ ሳይቀር ነበረው። አባቴ ጉጡን በጥፍራቸው ቧጨሩት። ክዳኑ ረጅም እጀታ ያለው ብረት ነው፤ ከነላስቲክ ልብሱ ካርቶኑ ውስጥ ቀረ፣ ካርቶኑም አልጋ ሥር ገባ። ምን እንደሆነ የነገራቸው የለም።

ለመጀመሪያ ጊዜ ሲነድ ያየሁት በሳምንቱ ነው። ሰማያዊ ነበልባል በውሸቱ እንጨት ላይ ይርገበገባል። አይንጣጣም፣ ፍም የለው፣ አመድ የለው። ሙቀቱ ፊትን ይነካና ያልቃል። ሽታው ግን መጋረጃው ውስጥ፣ ዳቦው ውስጥ፣ የአባቴ ካፖርት ውስጥ ገብቷል።

«እንዴት ነው?» አሉኝ አባቴ፣ ደስ ብሏቸው።

«ጥሩ ነው አባዬ። ብቻ ይጠንቀቁ።»

«ከምን?»

«እሳት ነው፤ እንዲሁ ይጠንቀቁ።»

«እሳት ልታስተምሪኝ ነው?» ብለው ሳቁ። ከእህቴ ጋር ተያይተው ሳቁብኝ። ክዳኑ የት እንዳለ አልጠየቅሁም። ብጠይቅ ከየት እንዳወቅሁ መናገር ነበረብኝ፤ አባቴም ያን ወረቀት ከኪሳቸው አውጥተው ለእንግዳ ሁሉ ማሳየት ይዘዋል። ሦስት ሳምንት ዝም አልኩ።

በነዚያ ሳምንታት አባቴ አልኮሉን ጥቂት ጥቂት ነበር የሚጨምሩት። ዐርብ ከሰዓት አልቆ ይጠፋል፣ እሳቸውም ደስ ይላቸዋል። በሦስተኛው ዐርብ ግን ብርዱ ጠንከር ብሎ ስለነበር እስከ አፉ ሞሉት።

እኔ የደረስኩት ፀሐይዋ ከፊት ለፊቱ ሕንፃ ጎን ወርዳ በመስኮቱ በኩል ቀጥታ ካሚኑ ላይ ስታርፍ ነው። ዝናቡ ገና መቆሙ ነበር፤ እርጥብ ካፖርቴን እያወለቅሁ በሩ ላይ ቆሜ ነበር። አባቴ ለጸሎት ነጭ ለብሰው ካሚኑ ፊት ጎንበስ ብለዋል።

«ጠፍቷል?» አሉ።

«ጠፍቷል መሰለኝ፤ ምንም አይታይም» አለች እህቴ ከወጥ ቤት።

አባቴ መዳፋቸውን አስጠጉና መለሱ። «አለ። ያቃጥላል። ተደብቆ ነው ያለው።»

«እንግዲህ ይተውት አባዬ! ሻባት ሊገባ ነው። አልኮሉ ሲያልቅ ራሱ ይጠፋል ይላል ወረቀቱ።»

«መቼ? ሰንበት ከገባ በኋላ? ለምኔ ነው ያኔ!»

አጠገባቸው ውኃ የሞላ የእጅ መታጠቢያ ጣሳ ነበር። አነሡት። «ተዉ» ለማለት አፌን ከፈትኩ፤ ቃሉ ከመውጣቱ በፊት አፈሰሱት።

ያየሁትን ልናገር። ሣጥኑ ሙሉ ስለነበር ውኃው ሲገባ አልኮሉ በአፉ ወጣ። እየነደደ ወጣ። በፀሐዩ ብርሃን ነበልባሉ አይታይም። የታየኝ በጋ ላይ አስፋልት ላይ እንደሚሆነው የሚንቀጠቀጥ አየር ብቻ ነው። አየሩ በድንጋዩ ላይ ተንሸራተተ፣ ወደ ምንጣፉ ወረደ፣ የምንጣፉ ጫፍ ቡናማ ሆነ፣ ከዚያ ጠቆረ። ቀጥሎ የአባቴ የቀኝ እጅጌ እንዲሁ በባዶ አየር ጠቆረ። አባቴ አልጮሁም። እጃቸውን አንሥተው ምን እንደነካው ለማየት ያገላብጡት ነበር።

እርጥብ ካፖርቴን እጃቸው ላይ ጠቅልዬ ያዝኩ። እህቴ ከባልዲ ውስጥ ያልተጨመቀ ፎጣ አምጥታ ምንጣፉ ላይ ጣለች። ከዚያ «ካርቶኑስ?» ብዬ ጮህኩ፣ እህቴ ወደ መኝታ ቤት አመለከተችኝ፣ ሮጬ ከአልጋ ሥር አወጣሁት፣ ላስቲኩን በጥርሴ ቀደድኩት፣ ክዳኑን ደፋሁበት። ወዲያው ጠፋ። አንድ እስትንፋስ ሳይሳብ። ያን ጊዜ ሰዓቴን አየሁ። ልማድ ነው፤ የቃጠሎ ሰዓት ዜና ውስጥ ይገባል። የአባቴ እጅ ተቃጥሎ ሰዓት አየሁ። ከዚያ ቀን ሁሉ የሚያስጠላኝ ይኼኛው ነው፤ ከሽታውም ይብሳል።

በቀጣዩ እሑድ ሱቁ ሄጄ ለሻጩ ነገርኩት። ውሸቱን እንጨት በጨርቅ እየወለወለ ነበር። «እሳት ላይ ውኃ የሚያፈስ ሰው አለ እንዴ?» አለኝ። ሁሉም ሰው እሳት ላይ ውኃ ያፈሳል። እጁን ሳልጨብጠው ወጣሁ።

ወደ ዐርቡ ልመለስ። እህቴ የአባቴን እጅ ቧንቧ ሥር ይዛ ቆየች። የእጃቸው ጀርባና አንጓው ቀልቶ ውኃ መቋጠር ጀምሯል።

«ሆስፒታል እንሂድ አባዬ» አለች።

«በመኪና? ፀሐይዋን አላየሻትም?»

«ነፍስ ለማዳን ይፈቀዳል እኮ!»

«ነፍሴ ደህና ናት። የተቃጠለው እጄ ነው።»

እህቴ ቁስሉን ደግማ አገላብጣ አየችው፤ ሥራዋ ነው፣ ታውቃለች። ከንፈሯን ነክሳ ማሰሪያውን አመጣች። «ውኃ አታፍስሱ ይላል እኮ» አልኩ እኔ፣ ሳላስበው። እያሰረችላቸው አባቴ በግራ እጃቸው ከደረት ኪሳቸው ወረቀቱን አወጡ። ታጥፎ ታጥፎ መታጠፊያው ሊበጠስ ደርሷል። ጭናቸው ላይ ዘረጉት።

«ውኃ አታፍስሱ የሚለው የቱ ጋ ነው? ስንት ጊዜ አነበብኩት! እንዴት አመለጠኝ?» አሉ።

በራሳቸው ነበር የተናደዱት። ዓይናቸውን አስጠግተው ከላይኛው መስመር ጀምሮ በጣታቸው እየተከተሉ እንደ ገና ማንበብ ጀመሩ። ሦስተኛው መስመር ላይ ሲደርሱ ከዚያ በላይ ማየት አልቻልኩም።

«አላመለጠዎትም። እሱ ላይ የለም። የዕብራይስጡ ጀርባ ላይ ነበር።»

ወረቀቱን ገለበጡት። «ይኼ ጀርባው ነጭ ነው።»

«አልጻፍኩትም አባዬ። አንብቤው ነበር። ሰውየው ተዪው አለኝ፣ ተውኩት።»

እህቴ ማሰሩን አቆመች። «አንቺ?» አለች። ከዚያ በኋላ ለቀናት አላናገረችኝም።

አባቴ ወረቀቱን በመታጠፊያው መልሰው አጠፉት። እንደሚቆጡ ጠብቄ ነበር። እሳቸው ግን ቀስ ብለው ሌላ ነገር ጠየቁ፦

«ቂርያት ዔቅሮን ያለው ወንድሜስ?»

የሥጋ ወንድማቸው አይደለም። አብረው በጸሎት ቤት የሚቀመጡ፣ አብረው ከአዲስ አበባ የመጡ፣ ጎረቤት ከተማ የሚኖሩ ሽማግሌ ናቸው።

«እሳቸው ምን ሆኑ?»

«ገዝቷል እሱም። እኔ ነኝ ሂድ ያልኩት። ልጄ ጽፋዋለች፣ አትጠራጠር ብዬ።»

ስልክ አወጣሁ። ጠራ፣ ጠራ፣ ማንም አላነሣም። ሽማግሌው ሰንበት ሲቃረብ ስልካቸውን መሳቢያ ውስጥ እንደሚከቱት አባቴም እኔም እናውቃለን። በመስኮቱ የቀረው ብርሃን አንድ ጣት ያህል ነበር።

«ሂጂ» አሉ አባቴ።

«በመኪና?»

«በመኪና ሂጂ እንጂ! በእግርሽ ልትደርሺ ነው? ያላ!»

በሕይወቴ አባቴ «ያላ» ሲሉ፣ በአገሩ ቋንቋ «ቶሎ በዪ» ሲሉ፣ የሰማሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። ለራሳቸው እጅ መኪና እንቢ ያሉት ሰው እኔን በሰንበት ደጃፍ ላይ በመኪና ላኩኝ።

መንገዱ ባዶ ነበር፤ ዐርብ ማታ ነው። ካፖርቴ የተቃጠለ ጨርቅና አልኮል ይሸታል። መስኮቱን ከፍቼ ነዳሁ፣ ሽታው አልወጣም። ቂርያት ዔቅሮን ስደርስ ጨልሟል። የሽማግሌው ቤት ውስጥ ብርሃን አልነበረም። በሩን መታሁ።

«ማነው?» አሉ ከውስጥ።

ማን ልጅ እንደሆንኩ ተናገርኩ። ከፈቱልኝ። ቤቱ ቀዝቃዛ ነበር፣ ጨለማ ነበር፣ ሰላም ነበር። በበሩ በሚገባው የመንገድ መብራት ግድግዳው ጥግ ሣጥኑ ይታየኛል።

«እሳቱን እንዴት አጠፉት አባባ?»

«እሱን ነው የምትጠይቂኝ? አፈር አለበስኩት። እኛ አገር እሳት በምን ነበር የሚጠፋው? በአፈር፣ በአመድ። አመድ የለው፣ ስለዚህ ከሚስቴ የአበባ ማሰሮ እየዘገንኩ ነው።»

«ሦስት ዐርብ! አበባዬን ጨረሰው!» አሉ ባለቤታቸው ከጨለማው ውስጥ። «ያ የሚሸት ነገር። አረቄ ቤት አደረገው ቤቴን።»

ግድግዳውን ተደገፍኩ። ሽማግሌው ወደ ውጭ አንገታቸውን አውጥተው መኪናዬን አዩ።

«በሰንበት ነድተሽ መጣሽ?»

«አባቴ ናቸው የላኩኝ።»

አባቴን ያውቋቸዋል። ለትንሽ ነገር እንደማይልኩኝ ያውቃሉ። በሩን ዘጉና ወንበር በእጃቸው ዳብሰው አገኙልኝ። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ወረቀቱን፣ ጀርባውን፣ ሻጩን፣ የአባቴን እጅ። ዜና እንደምጽፍ በቅደም ተከተል ነገርኳቸው፤ ሌላ አነጋገር አላውቅም። ባለቤታቸው ስለ አባቴ እጅ ሁለት ጊዜ ጠየቁኝ። ስጨርስ ሽማግሌው ወንበራቸውን ወደ እኔ ሲያስጠጉ ሰማሁ።

«ሌላስ?» አሉ።

«ሌላ ምን?»

«ሌላ የጻፍሽልን። በአማርኛ ያደረግሽልን ወረቀት። ይሄ ብቻ ነው?»

ብቻውን አልነበረም። ለጎረቤት፣ ለክሊኒክ፣ ለትምህርት ቤት፣ ለማስታወቂያ ክፍሉ ባለፉት ዓመታት ብዙ ወረቀት አማርኛ አድርጌአለሁ። አብዛኛውን ሙሉውን መልሻለሁ። አብዛኛውን። የትኛውን እንዳሳጠርኩ፣ የትኛውን «ፊቱ ይበቃል» ብዬ እንደተውኩ ተቀምጬ አስቤ አላውቅም ነበር።

«ማሰብ አለብኝ» አልኩ።

«አስቢ» አሉ። «ሰንበት ነው፤ የትም አንሄድም።»

ካፖርቴን አውልቄ ከደጅ አስቀመጥኩት፤ ሽታው እዚያ ይቅር ብዬ። ተመልሼ በጨለማው ተቀመጥኩና ከመጀመሪያው፣ ከማስታውሰው ወረቀት ጀመርኩ።